ለሰፈራችን ድመቶች መርዝ ሳይሆን ሐኪም



በትምህርት ቤታችን የዓመት መጽሔት ላይ መምህራን ብዙውን ጊዜ የሚጽፉት ስለ ጥናት፣ ስለ ሥነ ምግባር ወይም ስለ ቋንቋችን ነው። እኔ ዘንድሮ የምጽፈው ስለ ድመት ነው። ፈገግ የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ሆኖም ነገሩ የሚጀምረው ከራሴ ጥፋት ስለሆነ እስከ መጨረሻው እንድትታገሱኝ እለምናለሁ።

ባለፈው ዓመት እኔ በምኖርበት የማዮ ቅያስ ያለን ጎረቤቶች፣ ሐበሻውም ሱዳናዊውም፣ አንድ ምሽት ተሰብስበን ስለ ሰፈሩ ችግር ተነጋገርን። በአህያ ጋሪ ስለሚመጣው ውሃ ዋጋ ተነሣ፣ ስለ ቆሻሻው ተነሣ፣ በመጨረሻ ወደ ድመቶቹ መጣን። አንድ ጎረቤት «መርዝ ከሱቅ ገዝተን ከሥጋ ቁርጥራጭ ጋር ብንበትንላቸው በአንድ ሌሊት እንገላገላለን» አለ። የተቃወመ አልነበረም። ገንዘብ ተዋጣ። እኔም፣ በክፍል ውስጥ ስለ ሕያዋን ፍጥረታት የማስተምረው ሰው፣ እጄን ወደ ኪሴ ሰድጄ ድርሻዬን ሰጠሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሰባት ድመቶች ሞተው ተገኙ። ከሰባቱ ሁለቱ የመንገድ ድመቶች አልነበሩም። አንዷን ያሳደጋት የእኛው የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ልጁ በዚያ ቀን ትምህርት ቤት አልመጣም። የባሰው ግን ረፋዱ ላይ ሆነ። ለመንገደኛ የሚጠጣ ውሃ ከሚቀመጥበት ዚር ሥር አንዲት የሥጋ ቁራጭ ቀርታ ኖሮ፣ አንድ የሦስት ዓመት ሕፃን አንሥቶ ወደ አፉ ሲወስዳት አያቱ ደረሱበት። ሐጃ የልጁን እጅ ይዘው ሲጮኹ ሁላችንም ከየቤታችን ወጣን። ያን ጩኸት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ወራት ሳያልፉ ደግሞ በዚያው ቅያስ፣ በዚያው የቆሻሻ ክምር ላይ፣ ሌሎች ድመቶች ከነግልገሎቻቸው ታዩ።

እንግዲህ ገንዘባችንን አወጣን፣ አንድ ልጅ አስለቀስን፣ ሌላውን ለጥቂት አተረፍነው፤ ድመቶቹ ግን አሉ። ከዚያ ወዲህ ሳነብና ስጠይቅ ቆይቼ የደረስኩበት ሐሳብ ይህ ነው። የማዮን ድመቶች ቁጥር መቀነስ እንችላለን፤ የሚቀነሰው ግን በመግደል ሳይሆን በማምከን ነው፤ ሥራውም የሚጀምረው ከራሳችን ቤት ድመቶች ነው።

ቅሬታው እውነት ነው

ድመት የሚወድ ሰው ሌላውን «ጨካኝ» ብሎ ከጀመረ ማንም አይሰማውም። ስለዚህ በቅድሚያ የሚያማርሩትን ሰዎች እውነት ልናገር። በሙቀቱ ምክንያት ውጭ አልጋ ዘርግቶ የሚተኛ ሰው በሌሊት የወንድ ድመቶች ጠብና ጩኸት እንቅልፍ ያሳጣዋል። ግድግዳና በር ላይ የሚረጩት ሽንት ሽታው በቀላሉ አይለቅም። እናቶች ለቡና ጀበና ጥደው ዞር ሲሉ ከድስት ሥጋ ይጠፋል። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት የሚመጡ ልጆች ዓይናቸው በመግል የተደፈነ ግልገሎች በቆሻሻ መሐል ሲያለቅሱ ያያሉ።

የጤናም ጉዳይ አለ። ድመት የእብድ ውሻ በሽታ ሊይዛትና በንክሻ ወደ ሰው ልታስተላልፍ ትችላለች። በሰው ላይ የሚደርሰው የዚህ በሽታ ሞት ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ያህሉ ከውሻ የሚመጣ ቢሆንም፣ የድመት ንክሻም ችላ አይባልም። የነከሰው እንስሳ ውሻም ይሁን ድመት፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ሄዶ ክትባት መጠየቅ ያስፈልጋል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን በሽታው ማለት ይቻላል ሁልጊዜ ይገድላል። ነፍሰ ጡር እናቶች ደግሞ ቶክሶፕላዝማ ከሚባለው ተሕዋስ መጠንቀቅ አለባቸው። ይህ ተሕዋስ በድመት ዐይነ ምድር ውስጥ ወጥቶ አፈርንና አትክልትን ይበክላል፤ በደንብ ባልበሰለ ሥጋም ይተላለፋል። እጅን መታጠብ፣ አትክልትን በንጹሕ ውሃ ማጠብና ሥጋን አብስሎ መብላት አብዛኛውን ይከላከላል።

ስለዚህ «ድመት ይብዛ» የሚል ሰው የለም። እኔም አልልም። የምንለያየው በመንገዱ ላይ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ

ተማሪዎች፣ እርሳስና ወረቀት አንሡ። አንዲት ሴት ድመት ከአራትና ከአምስት ወሯ ጀምራ ልታረግዝ ትችላለች። እርግዝናዋ 65 ቀን ያህል ይፈጃል። ገና እያጠባች ሳለ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ክረምቱ ቀዝቃዛና ቀኑ በጣም አጭር በሆነባቸው አገሮች ድመቶች ለጥቂት ወራት ከመውለድ ያርፋሉ፤ እኛ ባለንበት አገር ግን ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ይወልዳሉ። እንግዲህ ነገሩን አሳንሰን፣ በዓመት ሁለት ጊዜ አራት አራት ትወልዳለች እንበል። ስምንት ግልገል ማለት ነው።

ከስምንቱ ስንቱ ያድጋል? በአሜሪካ በመንገድ ድመቶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት 169 ግልገሎችን ተከታትሎ ነበር። ስድስት ወር ሳይሞላቸው 127ቱ ሞተዋል ወይም ጠፍተዋል። ከአራቱ ሦስቱ ማለት ነው። ይህን መጠን ለእኛዋ ድመት ብንሰጣት ከስምንቱ ስድስቱ ይሞታሉ፣ ሁለቱ ያድጋሉ፤ አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት። በዓመቱ መጨረሻ አንዷ ሴት ድመት ሁለት ሆነች። በሁለተኛው ዓመት አራት፣ በሦስተኛው ስምንት፣ በአራተኛው 16፣ በአምስተኛው 32። ትልልቆቹ አይሞቱም ብለን ስላሰብን እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ሊያንስ ይችላል፤ አካሄዱ ግን ይኸው ነው።

አሁን ሁላችንም የምንረሳውን ሌላውን ዓምድ ደምሩ። በመጀመሪያው ዓመት ስድስት ግልገል ሞተ። በሁለተኛው 12፣ በሦስተኛው 24፣ በአራተኛው 48፣ በአምስተኛው 96። ድምሩ 186 ነው። ከአንዲት ድመት ተነሥተን በአምስት ዓመት ውስጥ 186 ግልገሎች በረሃብ፣ በበሽታ፣ በሪክሻ ጎማና በውሻ ጥርስ ያልቃሉ ማለት ነው። «ድመቷን ማምከን ጭካኔ ነው» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ይህን ቁጥር አሳየዋለሁ። እርሷን በጊዜ አንድ ቀን ሐኪም ዘንድ ብንወስዳት ኖሮ 186ቱ ባልተወለዱ፣ ባልተሠቃዩም ነበር።

የመብዛታቸው ነገር በወረቀት ላይ ብቻ ያለ አይደለም። ከደቡብ አፍሪካ በስተደቡብ በባሕር መሐል ማሪዮን የምትባል ደሴት አለች። እ.ኤ.አ. በ1949 በአየር ጠባይ ጣቢያው ውስጥ አይጥ እንዲይዙ አምስት ድመቶች ተወሰዱ። በ1977 በደሴቲቱ ላይ 3,400 ያህል ድመቶች እንዳሉ ተገመተ፤ በመሬት ውስጥ የሚፈለፈሉትን የባሕር ወፎችም እየጨረሱ ነበር።

መግደል ለምን አይሠራም?

የማሪዮን ታሪክ እስከ መጨረሻው ይነገር። እዚያ ድመቶቹን በመግደል ጨርሰዋቸዋል። ለመጨረስ ግን የድመት በሽታ ለቀቁባቸው፣ አዳኞች ሌሊት በመብራትና በጠመንጃ ዞሩ፣ ወጥመድና መርዝ ጨመሩ፤ ሥራው ያለቀው በ1991 ነው። ከ1977 ጀምሮ አሥራ አራት ዓመት ፈጀ። ያውም ሰው የማይኖርባት፣ ዙሪያዋ ባሕር የሆነ፣ አንዲት አዲስ ድመት የማትገባባት ደሴት ሆና ነው። ማዮ ግን ባሕር አልከበባትም። በአራቱም አቅጣጫ ክፍት ናት፤ ሰው እንደሚገባባት ድመትም ይገባባታል።

በአንድ ቅያስ ውስጥ ስንት ድመት እንደሚኖር የሚወስነው በዋናነት ምግቡ ነው። የሥጋ ቤቱ ጥራጊ፣ የዓሣ ሻጩ አንጀት፣ ከየቤቱ የሚጣለው ትርፍራፊ፣ ከዒድ አልአድሐና ከእኛ ፋሲካ በኋላ በየጥጉ የሚከመረው ሆድ ዕቃ ሁሉ ለድመት ማዕድ ነው። ሃያ ድመት የሚያኖር ምግብ ባለበት ቦታ አሥሩን ብንገድል ምግቡ ለቀሩት አሥሩ ይተርፋል። እናቶቹ ይጠግባሉ፣ ወተታቸው ይበዛል፣ ቀድሞ ይሞቱ የነበሩት ግልገሎች ያድጋሉ። ከጎረቤት ቅያስም ቦታው ባዶ መሆኑን ያወቁ ድመቶች ይገባሉ። መርዙ ያስገኘልን ነገር ቢኖር ለአዲሶቹ ቦታ መልቀቅ ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ያደጋችሁ ወላጆች ይህን በውሻ አይታችሁታል። ለረጅም ዓመታት የመንገድ ውሾች ስትሪክኒን በሚባል መርዝ ሲገደሉ፣ ጠዋት ወደ ሥራ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው በየመንገዱ ዳር የደረቁ ውሾችን ያይ ነበር። መርዙ እንስሳውን እያንቀጠቀጠ ነው የሚገድለው፤ ያንን ያየ ልጅ አይረሳውም። ታዲያ የአዲስ አበባ ውሾች አለቁ? አላለቁም።

አገራችን ግን የተሻለ ምሳሌም አላት። በባሌ ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው ቁጥር ከ500 የማይበልጥ፣ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ እንስሳ ነው። የእረኞች ውሾች በሚያመጡት የእብድ ውሻ በሽታ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያም በ2003፣ በ2008ና በ2014 በተነሡ ወረርሽኞች ብዙ ቀበሮዎች አልቀዋል። ውሾቹን ሁሉ መግደል ቀላል ሐሳብ ይመስል ነበር። ይሁን እንጂ እረኛው ያለ ውሻ ከብቱን አይጠብቅም፤ የተገደለውን ውሻ በማግስቱ ባልተከተበ ቡችላ ይተካዋል። ስለዚህ የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራሙ የመረጠው የውሾቹን ባለቤቶች አነጋግሮ በየዓመቱ ውሾችን መከተብን ነው። ለእኛም ትምህርቱ ያው ነው፤ ከእንስሳው ባለቤት ጋር ሳይስማሙ የሚሠራ ሥራ አይዘልቅም።

መርዝ ሌላም ጉዳት አለው፤ ማንን እንደሚገድል አይመርጥም። የተመረዘ አይጥ የበላች ድመት ትሞታለች፣ በቆሻሻ መሐል የምትጭር ዶሮ ትሞታለች፣ የጎረቤት ፍየል ትሞታለች። በእኛ ቅያስ ለጥቂት የዳነው ደግሞ ሰው ነበር።

ድመትን ጆንያ ውስጥ ከትቶ ሌላ ሰፈር መጣልስ? ይህም መፍትሔ አይደለም። ድመቷ ወይ ተመልሳ ትመጣለች፣ ወይ በማታውቀው ቦታ ተደብድባ ትሞታለች፣ ወይ ደግሞ እዚያ ወልዳ የሌላውን ሰፈር ችግር ታበዛለች። እኛ ወደ ሌላው ስንጥል ሌላውም ወደ እኛ ይጥላል።

ማምከን ምንድን ነው?

ቃሉ ለአንዳንዱ ይከብዳል፤ ሥራው ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ለበዓል ሙክት የሚገዛ ሰው፣ በሰንጋ የሚያርስ ገበሬ፣ የተኮላሸ እንስሳ ምን እንደሆነ ያውቃል። አያቶቻችን በጉንና በሬውን ሲያኮላሹ ኖረዋል። ልዩነቱ ያ በባህላዊ መንገድ፣ ያለ ማደንዘዣ ይደረግ የነበረ መሆኑ ነው። ድመትን የሚያመክነው ግን የእንስሳት ሐኪም ነው፤ እንስሳዋ በማደንዘዣ ተኝታ ምንም ሳይሰማት ይፈጸማል።

ሥራው እንዲህ ይካሄዳል። ድመቷ የምትበላበት ቦታና ሰዓት ይታወቃል። በዚያ ሰዓት ከጀርባ ምግብ የተቀመጠበት የሽቦ ወጥመድ ይጠመዳል፤ ድመቷ ስትገባ በሩ ይዘጋል። ወዲያው በጨርቅ ይሸፈናል፤ ጨለማ ሲሆንባት ትረጋጋለች። ሐኪሙ ካደነዘዛት በኋላ የሴቷን የእንቁላል ዕጢዎችና ማሕፀን፣ የወንዱን የዘር ፍሬ ያወጣል። በዚያው ዕለት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይሰጣታል። ከመንቃቷ በፊት የአንድ ጆሮዋ ጫፍ በጥቂቱ ይቆረጣል። ይህ ምልክት በብዙ አገሮች የታወቀ ነው፤ ከሩቅ ያየ ሰው ሁሉ «ይህች መክናለች፣ ተከትባለች» ብሎ ያልፋታል፤ ሁለተኛም አትያዝም። ወንዱ በአንድ ቀን፣ ሴቷ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ አገግመው በተያዙበት በዚያው ቦታ ይለቀቃሉ።

«ታዲያ ከለቀቅናቸው ምን ተጠቀምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። የመከነች ድመት ቦታዋን ይዛ ትኖራለች፣ ግን አትወልድም። ወንዱም ከመከነ በኋላ ጠቡ፣ የሌሊት ጩኸቱና የሽንቱ ሽታ በብዙ ይቀንሳል። ስለዚህ የምናማርርባቸው ነገሮች ዕድሜዋ እስኪያልቅ ሳንጠብቅ መቀነስ ይጀምራሉ። ቁጥሩ ደግሞ ቀስ በቀስ፣ በዕድሜና በተፈጥሮ ሞት ይወርዳል።

ይህ በተግባር ታይቷል። በአሜሪካ በሴንትራል ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረ የማምከን ሥራ ነበር። በ1996 ሲቆጠሩ በግቢው 68 ድመቶች ነበሩ፤ በ2002 የቀሩት 23 ብቻ ናቸው። ከተያዙት ግማሽ ያህሉን ደግሞ ሰዎች ወደ ቤታቸው ወስደው አሳድገዋቸዋል። ቱርክም በ2004 ባወጣችው የእንስሳት ጥበቃ ሕግ ከተሞች የመንገድ እንስሳትን አምክነውና ከትበው ወደ ቦታቸው እንዲመልሱ ደንግጋ ነበር።

የሮም ከተማ ታሪክ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ይዟል። የኢጣሊያ ሕግ ከ1991 ጀምሮ የመንገድ ድመቶችን መግደል ይከለክላል። በሮም በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 8,000 የሚጠጉ ድመቶች መከኑ። ቁጥሩ ቀነሰ፤ ነገር ግን ከተጠበቀው በዝግታ ነበር። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ሲፈልጉ፣ በየመንጋው ከአምስት አንድ ያህሉ ከውጭ የገባ፣ በአብዛኛውም ሰው የጣለው ሆኖ አገኙት። በአንድ በኩል ሐኪሙ ሲያመክን፣ በሌላ በኩል ነዋሪው የቤት ድመቱን ግልገሎች መንገድ ላይ ይጥል ነበር።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ እዚህ አንድ እዚያ አንድ ማምከን ጥቅም የለውም፤ በአንድ አካባቢ ካሉት ድመቶች ከአሥር ሰባት ያህሉ በአጭር ጊዜ ውስጥ መምከን አለባቸው። ሁለተኛ፣ ቆሻሻው ካልተሸፈነ አዲስ ድመት መምጣቱ አይቀርም። ሦስተኛ፣ ከቤት የሚጣል ግልገል መቆም አለበት። «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» ይባላል። ድመት ዐመሏን አትተውም፤ መብላትም መውለድም ተፈጥሮዋ ነው። ዐመሉን መተው ያለበት ሰው ነው።

የሚነሡ ጥያቄዎች

«ይህ በሃይማኖት ይፈቀዳል?» ብለው የጠየቁኝ ወላጆች አሉ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። በእኛ በክርስቲያኖች መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 12 ላይ፣ ለእንስሳ መራራት የጻድቅ ሰው ምልክት ሆኖ ተቀምጧል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደግሞ ድመት አስራ ሳታበላት፣ ራሷ አድና እንዳትበላም ሳትለቃት ስለቀረች ሴት ቅጣት የሚናገረውን ሐዲስ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ከነቢዩ ባልንጀሮች አንዱ የሚጠሩበት አቡ ሁረይራ የሚለው ስምም ከድመት ፍቅራቸው የመጣ ነው። ስለ ማምከን በእስልምና ሊቃውንት ዘንድ የተለያየ አስተያየት አለ፤ ጥቅም ካለውና እንስሳውን የማይጎዳ ከሆነ የሚፈቅዱ አሉ። ስለዚህ ሥራውን ከመጀመራችን በፊት የሰፈሩን ኢማምና የቤተ ክርስቲያናችንን አባቶች ማማከር አለብን። ሊቃውንት የሚለያዩበትን ማምከን እንደ ነውር ቆጥረን፣ መርዙን ግን ማንንም ሳንጠይቅ መበተናችን ነው የሚገርመኝ።

«ሰው በተቸገረበት ስለ ድመት ታወራለህ?» የሚሉኝም አሉ። ይህን የምሰማው በአክብሮት ነው። ማዮ ከደቡብ፣ ከኑባ ተራሮች፣ ከዳርፉር፣ ከእኛም አገር በችግር የወጣ ሰው የሰፈረባት ናት። የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ለመክፈል ሌሊት የሚሠራ ወላጅ ለድመት ገንዘብ አምጣ ሊባል አይገባም። ነገር ግን ለመርዙ ገንዘብ አውጥተን እንደነበር አስታውሱ፤ ካላቆምነውም በየዓመቱ እናወጣለን። ደግሞም የድመቱ ሥራ ግማሹ የራሳችን የንጽሕና ሥራ ነው። ቆሻሻ ሲከደን ዝንብም፣ አይጥም፣ ድመትም ይቀንሳሉ፤ የሚጠቀመውም ሰው ነው።

«ድመት ባይኖር አይጥ አይወረንም?» ለሚሉት ደግሞ፣ ማምከን ድመትን በአንድ ቀን አያጠፋም። የመከነች ድመት አይጥ ማደኗን አትተውም። ከአይጥ የሚጠብቀን ግን ከድመት ይልቅ የተከደነ እህልና የተጠረገ ግቢ ነው።

በማዮ ምን እናድርግ?

ትልቅ ዕቅድ አላወጣም። በትምህርት ቤታችን ዙሪያ ካሉት ቅያሶች በአንዱ ብቻ እንጀምር።

መጀመሪያ እንቁጠር። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ እየተመለከቱ የእያንዳንዷን ድመት መልክ፣ ጾታና የምትበላበትን ቦታ በደብተር ይመዝግቡ። ይህ ጥሩ የሳይንስም የሒሳብም ትምህርት ይሆናል። በዓይን ብቻ ይሁን፤ ተማሪዎች ድመት በእጅ እንዳትይዙ፣ ግልገልም ቢሆን እንዳትነኩ አደራ እላለሁ። መያዝ የሠለጠነ ትልቅ ሰው ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ ሐኪም እንፈልግ። በዚህች ከተማ ካሉት የእንስሳት ሕክምና ኮሌጆች ሁለቱን ልጥቀስ፤ የኻርቱም ዩኒቨርሲቲው በሻምባት፣ የሱዳን ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው በሒለት ኩኩ፤ ሁለቱም በባሕሪ ናቸው። ተማሪዎቻቸው የቀዶ ሕክምና ልምምድ ያስፈልጋቸዋል፤ እኛ ደግሞ የሚመክኑ ድመቶች አሉን። ትምህርት ቤታችን በዐረብኛ ደብዳቤ ጽፎ በአስተማሪዎቻቸው ቁጥጥር ሥር እንዲረዱን ቢጠይቅ ነውር የለውም። መልሳቸው እንቢ ከሆነም ያጣነው አንድ ወረቀት ነው።

ሦስተኛ፣ ጊዜውን እንምረጥ። በግንቦት ሙቀት የተያዘች ድመት በሽቦ ውስጥ ፀሐይ ላይ ብትረሳ ልትሞት ትችላለች። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ቀዝቃዛ ወቅት ቢሠራ ለእንስሳዋም ለሠራተኛውም ይሻላል። የምታጠባ እናት ከተያዘች ሳትዘገይ ወደ ልጆቿ መመለስ አለባት።

አራተኛና ዋናው ከቤታችን እንጀምር። ቤታችሁ ድመት ያላችሁ ወላጆች፣ የመጀመሪያዋ የምትመክነው የእናንተ ትሁን። የመንገድ ድመት ለመያዝ ወጥመድና ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ የቤቷን ግን በዘንቢል ይዞ መሄድ ይቻላል። ግልገል ከተወለደም በጆንያ ከትቶ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ መጣል ይቅር። ዘንድሮ ብቻ ሁለት ጊዜ እንዲህ ያለ ጆንያ አግኝተናል፤ የከፈቱትም ሕፃናት ናቸው።

ወጪውን በተመለከተ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ለመርዝ ያዋጣነውን ያህል እያንዳንዳችን ለሐኪም ብናዋጣ ለጅምሩ ይበቃናል። እኔ ለመርዙ የሰጠሁትን እጥፍ አድርጌ ለዚህ ለመስጠት በዚህ ጽሑፍ ቃል እገባለሁ።

ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን ድመትን «ከዲሳ» ይሏታል፤ ቃሉ ከጥንቱ የኑቢያ ቋንቋ የመጣ ነው ይባላል። የቤት ድመት ቅድመ አያት የሆነችው የአፍሪካ የዱር ድመትም እስከ ዛሬ በሱዳንም በኢትዮጵያም ትኖራለች። ድመት በዚህ ምድር ከእኛ ስደተኞች አስቀድማ የኖረች ናት፤ የሰውን እህል ከአይጥ እየጠበቀች ወደ ሰው ቤት ገባች፤ ከዚያ ወዲህ በሰው እጅ ናት። ስትበዛ ያበዛት የእኛ ቸልታ ነው፤ ስትቀንስም የሚቀንሳት የእኛ ጥንቃቄ መሆን አለበት።

ድመቱ የሞተችበት ያ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ዘንድሮ አራተኛ ክፍል ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አስቁሞ «ቲቸር፣ እርስዎም አዋጥተው ነበር አሉ፤ እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «አዎ፣ እውነት ነው» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና «አሁን ሌላ አለችኝ፤ ጆሮዋን የሚቆርጧት መቼ ነው?» አለኝ። እስካሁን ቀን አልሰጠሁትም። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ይህን ጉዳይ አንሥተን ቀኑን እንድንወስንለት እጠይቃለሁ።